መብራቱ አልታዘዝ ሲል፦ የቤት መቆጣጠሪያ መስመር ብልሽት እንዴት ይፈለጋል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ቪላዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ድሮው መብራቱን በቀጥታ አያበራም። ሲጫኑት መልእክት ይልካል። መልእክቱን የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ይቀበልና መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ የግቢውን በር ወይም የሮቶውን ፓምፕ ያዛል። ሲሠራ ደስ ይላል። ሲበላሽ ግን ጠባዩ ግራ ያጋባል፤ ቁልፉን ደጋግመው ተጭነው አንዴ ብቻ ይሰማል፣ ሌሊት ቆሞ ያደረው ሁሉ ረፋድ ላይ ማንም ሳይነካው ይነሣል፣ ወይም አንድ ፎቅ ጭራሹን ዝም ይላል።

እንዲህ ሲሆን የተለመደው መፍትሔ መሣሪያ መቀየር ነው። ዕቃው ውድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ከተገጠመ በኋላም ያው ብልሽት ተመልሶ ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፦ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከሽቦው ነው፤ ሽቦው የታመመውም ምልክቱ በታየበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቀየር በፊት መለካት፣ ከመለካት በፊት ደግሞ የመስመሩን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምልክቱና በሽታው ለምን እንደሚራራቁ ለመረዳት የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ስብሰባን ማሰብ ይበቃል። ዳኛው ስም እየጠራ ዕድል ይሰጣል፤ የተጠራው ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል። አንዱ ሳያቋርጥ ከጮኸ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ቢሆንም የሁሉም ንግግር ይጠፋል። የመቆጣጠሪያ መስመርም እንዲሁ ነው። በቤቱ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚነጋገሩት በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ መጠሪያ ቁጥር አለው። ምድር ቤት አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ፣ ማለትም በተለመደው አነጋገራችን ኮንታክት ከፈጠሩ፣ ሦስተኛው ፎቅ ያለው ቁልፍም ዝም ይላል። የሦስተኛውን ፎቅ ቁልፍ መቀየር ታዲያ ምን ይጠቅማል?

የትኛው ዓይነት መስመር ነው?

በየቤቱ የሚገኘው ባለ ሽቦ መቆጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቤተሰቦች የአንዱ ነው። በዋይፋይና በሌላ ገመድ አልባ መንገድ የሚሠሩትን እዚህ አናነሣቸውም፤ የእነሱ ሕመም ሌላ ነው።

አንደኛው አርኤስ-485 የሚባለው ነው። ደረጃው የወጣው በ1983 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ዛሬም ከፋብሪካ ማሽን እስከ ቤት መብራት ይሠራበታል። የዚህ ምልክት መሣሪያዎቹ ላይ «ኤ» እና «ቢ» ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው ሁለት ማሰሪያዎች መኖራቸው ነው። መልእክቱ የሚነበበው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካለው የቮልት ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከ200 ሚሊቮልት በላይ ሲሆን መሣሪያው አንድ ወይም ዜሮ ብሎ ይረዳዋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን እንዴት እንደሚያነበው እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሽቦው ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በሰንሰለት መሄድ አለበት፤ እንደ መብራት መስመር ከአንድ ስካቶላ ወደ አራት አቅጣጫ መበተን አይወድም። በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች፣ በጫፎቹ ብቻ፣ 120 ኦም ሬዚስተር፣ ማለትም ጅረትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ ይታሰራል፤ ኦም የመገደቡ መለኪያ ነው። ይህ ሬዚስተር ከሌለ መልእክቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስና ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። በዝግተኛ ፍጥነት መስመሩ እስከ 1200 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ለቪላ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ኬኤንኤክስ ነው። ሦስት የአውሮፓ አሠራሮች በዚያው አቆጣጠር በ1999 ተጣምረው የፈጠሩት ሲሆን ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ ኬብሉ ይታወቃል። ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ነው። በዚያው ጥንድ ላይ ምግብም (ማለትም የመሣሪያዎቹ ኃይል) መልእክትም አብረው ይሄዳሉ፤ የምግቡ መጠን 30 ቮልት ዲሲ አካባቢ ነው። እዚህ ዳኛ የለም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ጸጥታ ሲያገኝ ይናገራል። የመጨረሻ ሬዚስተርም አይፈልግም። መስመሩ እንደ ዛፍ ቢበተንም ግድ የለውም፤ የተከለከለው ዞሮ ገጥሞ ቀለበት መሆን ብቻ ነው። የአንድ መስመር ኬብል በጠቅላላው ከ1000 ሜትር፣ ከኃይል ሰጪው እስከ ማንኛውም መሣሪያ ያለው ርቀት ደግሞ ከ350 ሜትር መብለጥ የለበትም።

እነዚህን ሁለቱን አለመለየት ራሱ ብልሽት ይፈጥራል። ኬኤንኤክስ መስመር ላይ «ለጥንቃቄ» ብሎ 120 ኦም የሚያስር አለ፤ ውጤቱ ኃይል ሰጪውን በከንቱ መጫን ነው። የኬኤንኤክስ ኃይል ሰጪ ሲቃጠል ደግሞ ከገበያ የተገዛ ተራ 30 ቮልት ፓወር ሰፕላይ የሚተካ አለ። መልቲሜትሩ 30 ይላል፣ የመሣሪያዎቹ መብራት ይበራል፣ ግን አንድም ቁልፍ አይታዘዝም። ምክንያቱም ዋናው ኃይል ሰጪ በውስጡ መልእክቱን ከምግቡ የሚለይ ጥቅል ሽቦ አለው። ተራው ፓወር ሰፕላይ ይህ ስለሌለው መልእክቱን ውጦ ያስቀረዋል። ቮልቱ ትክክል ሆኖ ሁሉም ዝም ካለ ኃይል ሰጪው ተቀይሮ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት

የመቆጣጠሪያ ሽቦው ራሱ አይገድልም። የሚገድለው አጠገቡ ያለው 220 ቮልት ነው። በብዙ ቤቶች ሁለቱ በአንድ ስካቶላ ውስጥ ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ ልጣጩ የተነካ የመብራት ሽቦ መቆጣጠሪያውን ሽቦ ከነካው 30 ቮልት ብለው የሚጨብጡት ነገር 220 ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬት ሁልጊዜ በኤሲ ነው፤ መልቲሜትሩን ከፍተኛው ኤሲ ላይ አድርጎ እያንዳንዱን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ከመሬት ሽቦው ጋር መለካት። ባለ ኒዮን ካቻቢቴ ለዚህ አይታመንም። ከፍ ያለ ኤሲ ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም፤ የንክኪው ቦታ በሙያተኛ ሳይገኝ ሌላ ምንም አይነካም።

«መብራት ጠፍቷልና እስኪመጣ ልሥራ» የሚለው ልማድም አደገኛ ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ ኢንቨርተሩ ይሠራል፣ መብራቱም ሳይታሰብ ይመጣል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ ሳጥኑን መቆለፍ፣ ቁልፉንም ኪስ ውስጥ መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ካቻቢቴ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ደሴ ላይ ተዳፋት ላይ በተሠራ አንድ ግቢ የውጭው በር አልከፈት እያለ ባለሙያ ተጠራ። ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት የቤቱን እናት ጠየቃቸው።

«እማማ፣ በሩ እምቢ የሚለው መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ነው ልጄ። ጉሙ ሲነሣና ጀንበር ሲሞቅ እሱም ይታዘዛል።»

«አብሽሩ፤ እንግዲያው ሞተሩ ደኅና ነው።»

ልክ ነበር። ጠዋት ታሞ ቀትር ላይ የሚድን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የእርጥበት ነው። ከቀለም ቀቢ፣ ከቧንቧ ሠራተኛ ወይም ከኮርኒስ ሠሪ በኋላ የመጣ ብልሽት የተቆረጠ ወይም የተበሳ ሽቦ ነው። ፓምፑ ሲነሣ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ገብቷል ማለት ነው፤ ሁለቱን ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር አራርቆ መውሰድ፣ መገናኘት ግድ ከሆነም በመስቀል ቅርጽ ማሳለፍ ይገባል። ምሽት ላይ ሁሉም መብራት ሲበራ የሚመጣ ከሆነ የቮልት ማነስ ነው። አንድ ሰው ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ፕሮግራሙን ከነካካ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ሽቦውን ይተዉት፤ ሁለት መሣሪያ አንድ መጠሪያ ቁጥር ተሰጥቷቸው ወይም ፍጥነታቸው ተለያይቶ ይሆናል።

ሌላ አንድ ነገር ብዙ ድካም ይቀንሳል። መብራቱን የሚያበሩት ሪሌ (በመልእክት የሚታዘዝ ማብሪያ) ያለባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በእጅ የሚጫን ትንሽ ቁልፍ አላቸው። እሱ ሲጫን መብራቱ ከበራ የ220 ቮልቱ ወገን ጤነኛ ነው፤ የጠፋው መልእክቱ ነው። በእጅም ካልበራ የመቆጣጠሪያውን መስመር መጠርጠር ያለ ጊዜው ነው፤ አምፖሉን፣ ብሬከሩንና ኒውትራሉን ይመልከቱ። ይህችን ፍተሻ ሳያደርጉ ኮርኒስ የሚቀድዱ ሰዎች መኖራቸው ያስገርማል።

ኦሙ የሚናገረው

ከዚህ በኋላ ለአርኤስ-485 ኃይሉን አጥፍቶ በ«ኤ» እና በ«ቢ» መካከል ያለውን ኦም መለካት ነው። በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ስላለ ጤነኛ መስመር 60 አካባቢ ያሳያል፤ መሣሪያ ሲበዛ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። 120 ካሳየ አንደኛው የጫፍ ሬዚስተር የለም፣ ወይም መስመሩ መሐል ላይ ተቆርጦ የወዲያኛው ጫፍ አይታይም። 40 ካሳየ ሦስት ሬዚስተሮች አሉ፤ መሐል ያለ አንድ መሣሪያ ላይ የጫፍ ሬዚስተሩን የምትሠራው ትንሿ ማብሪያ በርታ ቀርታለች ማለት ነው። ይህ አዲስ ዕቃ ተጨምሮ ሰንሰለቱ ሲረዝም በብዛት የሚያጋጥም ነው፤ ድሮ ጫፍ የነበረው መሣሪያ መሐል ሲሆን ማብሪያዋን የሚያጠፋላት ሰው አይኖርም። ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ኮንታክት ነው። በጣም ብዙ ካሳየ ወይ ከእርስዎ አጠገብ ተቆርጧል፣ ወይ ሬዚስተር የሚባል ነገር ጭራሽ አልታሰረም።

ኃይሉ ተመልሶ መሣሪያዎቹ ጸጥ ባሉበት ጊዜ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ዲሲ ከ200 ሚሊቮልት በታች ከሆነ መስመሩ ጸጥታውን ከመልእክት መለየት አቅቶታል። ብዙውን ጊዜ በዋናው መቆጣጠሪያ ላይ ይህን የሚያስተካክል ማብሪያ አለ። ስለ «ኤ» እና «ቢ»ም አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ አምራቾች ስያሜውን አንዳንዴ ገልብጠው ይጠቀሙበታል። ከሌላ አምራች የመጣ አዲስ መሣሪያ በትክክል ታስሮ ካልተናገረ ሁለቱን ሽቦዎች ማለዋወጥ ነው። አይቃጠልም።

ለኬኤንኤክስ ልኬቱ ቀለል ይላል። ኃይል ሰጪው ላይ 29 ወይም 30 ቮልት፣ በጣም ሩቅ ያለው መሣሪያ ላይ ቢያንስ 21 ቮልት መገኘት አለበት። ኃይል ሰጪው ላይ ጥቂት ቮልት ብቻ ከታየ መስመሩን ከእሱ መንቀል፤ ቮልቱ ወዲያው ከተመለሰ እሱ ጤነኛ ነው፣ ኮንታክቱ መስመሩ ላይ ነው። ቀለበት ተሠርቷል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ ከሳጥኑ ከሚወጡት ኬብሎች አንዱን ነቅለው የተነቀለውን ጫፍ ይለኩ። ቮልት ካለው በሌላ መንገድ ዞሮ እየደረሰው ነው።

አሁን ኮንታክት እንዳለ ታወቀ እንበል፤ የት ነው? ግድግዳ ሳይፈርስ ርቀቱን መገመት ይቻላል። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ጥንድ ደርሶ መልስ በ100 ሜትር 7 ኦም ገደማ አለው። ኮምቦልቻ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ማረፊያ ውስጥ ነን እንበልና ሳጥኑ ጋ ስንለካ 2.4 ኦም አገኘን። የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሲነካኩ 0.3 ያሳያሉ፤ ያንን ስንቀንስ 2.1 ይቀራል። 2.1 ለ7 ሲካፈል 0.3፣ ማለትም 30 ሜትር ነው። ንክኪው ራሱ ጥቂት ኦም ሊኖረው ስለሚችል ቦታው ከ30 ሜትር ወዲህ እንጂ ወዲያ አይሆንም። ከዚያም ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ያንኑ መለካት ነው። የሁለቱ ርቀቶች ድምር ከኬብሉ ጠቅላላ ርዝመት ከበለጠ ትርፉ የንክኪው ኦም የፈጠረው ነው፤ ከሁለቱም እኩል እኩል ሲቀነስ ቦታው በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይገኛል። እዚያ ሲደርሱ ግድግዳውን ማየት ነው፦ አዲስ ሥዕል ተሰቅሏል? የመጋረጃ ዘንግ ተበስቷል? ለቴሌቪዥን ማቀፊያ የገባ ብሎን ሁለቱን ሽቦዎች መሐላቸው ገብቶ አጣብቋቸው የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኦም በማይረዳበት ቦታ መስመሩን በግማሽ መክፈል ይረዳል። 16 መሣሪያዎች በሰንሰለት ቢታሰሩና አንዱ ሁሉንም ቢያንቅ፣ እያንዳንዱን በየተራ የሚነቅል ሰው 15 ጊዜ ሊደክም ይችላል። ስምንተኛው ላይ መስመሩን ነቅሎ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ይሠሩ እንደሆነ ማየት ግን ግማሹን በአንዴ ያጸዳል። ከሠሩ ጥፋቱ በወዲያኛው ስምንት ውስጥ ነው፤ እነሱን ለአራት፣ አራቱን ለሁለት። በአራት ነቀላ አንዱ ይያዛል። በአርኤስ-485 ሲነቅሉ የተቆረጠው ቦታ ላይ ለጊዜው 120 ኦም ማሰር ጥሩ ነው፤ አለዚያ የሬዚስተሩ መጉደል ራሱ ሌላ ብልሽት መስሎ ያሳስትዎታል።

ቮልቱ መንገድ ላይ ሲቀር

የአርኤስ-485 መሣሪያዎች የሚሠሩበትን 24 ቮልት በቀጭን ሽቦ ማሻገር የተለመደ ቁጠባ ነው። ለኢንተርኔት የሚያገለግለውን ኬብል እንውሰድ፤ የሽቦው ውፍረት 0.5 ሚሊሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ በ100 ሜትር 17 ኦም ገደማ አለው። መስመሩ 100 ሜትር ሆኖ መጨረሻ ላይ ያሉት መሣሪያዎች 300 ሚሊአምፔር ከጎተቱ 5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለእነሱ የሚደርሳቸው 19 ነው። ይህ ለአንዳንዱ ይበቃል። ኬብሉ ግን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ከሆነ ኦሙ ከመዳቡ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣልና 8 ቮልት ይጠፋል፣ 16 ይደርሳል። በጸጥታ ሰዓት ይሠራል፤ ምሽት ላይ ሪሌዎቹ አንድ ላይ ሲነሡ ቮልቱ ይወርድና መሣሪያዎቹ ጠፍተው ይነሣሉ። ባለቤቱ «ሰይጣን ያለበት ቤት» ማለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ኬብል ከመግዛት በፊት መለየት ከባድ አይደለም። ጫፉን በምላጭ መፋቅ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ አልሙኒየም ነው። ሽቦውን ጥቂት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ቢያጥፉት ይሰበራል፤ ጥቅልሉም ሲያነሡት ከመጠን በላይ ቀላል ነው። ማሰሪያ ብሎን ሥር ሲጠብቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሳሳና ይላላል። የቮልቱ ልኬት መወሰድ ያለበት ሁሉም ነገር በርቶ፣ መጨረሻው መሣሪያ ላይ ነው። ሳጥኑ ጋ ለክቶ «24 አለ» ብሎ መሄድ ምንም አልለካሁም ከማለት አይለይም።

ክረምት፣ ተዳፋትና መብረቅ

ደሴ ከተማ የተቀመጠችው ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ ነው። ዋናው ቤት ከላይ፣ የዘብ ቤቱና በሩ ከታች የሚሆንበት ግቢ ብዙ ነው። በመሐል የተቀበረው ቱቦ ሽቦ ብቻ አያወርድም፤ ከላይ የገባውን የዝናብ ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው ሳጥን ያወርዳል። ያ የእማማ በር የታመመው በዚህ ነበር። ከመሬት እኩል የተቀበረች ስካቶላ ተከፈተች፤ ግማሽ ድረስ ውሃ፣ መሐሏ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ። ናስትሮው ሲፈታ ኔጋቲቩ ሽቦ ጠቆር ብሎ ሙሉ ነው፤ ፖዘቲቩ ግን አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በጣት ሲነካ ረገፈ። ዲሲ በውሃ ውስጥ ሲፈስ ፖዘቲቩን ወገን እየበላ ስለሚሄድ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንደኛው ሽቦ ብቻ ማለቁ አያስደንቅም።

መድኃኒቱ ሌላ ናስትሮ መጠቅለል አይደለም። ናስትሮ ውሃ አያስቆምም፤ የገባውን እንዳይደርቅ ይይዘዋል እንጂ። የሚሻለው ከመሬት በታች ጭራሽ መጋጠሚያ አለማድረግ ነው። ግድ ከሆነ ውስጡ ቅባት የተሞላ ማገናኛ መጠቀም፣ ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ የቱቦውን የላይኛውን አፍ በሲልከን መድፈን፣ ከታችኛው ሳጥን ሥር ደግሞ ውሃ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ መብሳት።

መብረቅ ሌላ ጉዳይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቤቱን በቀጥታ ባይመታም አቅራቢያ የወደቀ መብረቅ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ላይ ሊያልፍ የሚችል ጉልበት ይፈጥራል። በአርኤስ-485 መሣሪያ ውስጥ ቀድማ የምትሞተው ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ ጋር የምትነጋገረው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ናት። ስትሞት አንዳንዴ ሁለቱን ሽቦዎች አጣብቃ ትሞትና መስመሩን ሁሉ ታንቃለች፤ በግማሽ የመክፈሉ ዘዴ የሚይዛት እዚህ ነው። ሙሉ መሣሪያውን ከመጣል በፊት ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ማሳየት ይበጃል፤ ቺፗ በርካሽ ትቀየራለች። ከቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ መስመር በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ሊኖረው ይገባል፤ መከላከያው ደግሞ የሚጠቅመው እውነተኛ የመሬት ሽቦ ካለ ብቻ ነው።

ሁለት ቤቶች ሁለት የመሬት ዘንግ ካላቸው በመካከላቸው የቮልት ልዩነት ይኖራል። የአርኤስ-485 መሣሪያ ከራሱ መሬት አንጻር የሚታገሠው ከ−7 እስከ +12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ከ«ኤ» እና ከ«ቢ» ጋር ሦስተኛ ሽቦ አብሮ ሄዶ የመሣሪያዎቹን የጋራ ነጥብ ማገናኘት አለበት። ኬብሉ የብረት ልባስ ካለው ልባሱ መሬት የሚታሰረው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። በሁለቱም ከታሰረ በራሱ ላይ ጅረት ይፈስበታል።

የማይታየው መጋጠሚያ

ከሁሉ የሚያስቸግረው ብልሽት የተቆረጠው ሳይሆን ያልጠበቀው ነው። አንድ ማሰሪያ በቅርብ ሲታይ ጥሩ ይመስላል፤ ሽቦው ገብቷል፣ ብሎኑ ጠብቋል። በባትሪ አብርተው ሲያዩት ግን ብሎኑ የጨበጠው መዳቡን ሳይሆን ልጣጩን ነው። ነጩ ፕላስቲክ ተጨፍልቆ፣ የመዳቡ ጫፍ በስተኋላ ብረቱን በአንድ ጠርዝ ብቻ ነክቶ ቆሟል። መልቲሜትሩ «ተገናኝቷል» ይላል። የደሴ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብረቱም ፕላስቲኩም ይኮማተራሉና ጠርዟ ትለቃለች፤ ረፋድ ላይ ትመለሳለች። እርጥበትም እንዲሁ ጠዋት ያስቸግራልና የሚለያቸው ሽቦውን መነቅነቅ ነው። አንድ ሰው መልእክቱን እያየ ሌላው እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ ቀስ አድርጎ ይጎትታል፤ በእጅ ሲነካ የሚታመም ከሆነ መጋጠሚያው ነው። ሽቦውን በ6 ወይም በ7 ሚሊሜትር ልጦ እንደገና ማሰር፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ከሆነም ጫፉ ላይ የብረት ቆብ ማድረግ ይበቃል።

ይህን ለማድረግ ግን ስካቶላው መገኘት አለበት። ግድግዳው እንዲያምር ተብሎ ስካቶላ በልስን የሚደፈንበት ቤት ቁጥር ብዙ ነው፤ ይህ ውበት ሳይሆን ለነገ የተቀመጠ ወጪ ነው። ልስን ከመለሰኑ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። የተደፈነ ቤት ገዝተው ከሆነ ደግሞ ከላይ ያየነው የኦም ስሌት ቢያንስ የት መዶሻ እንደሚያርፍ ይነግርዎታል።

ሽቦው በብዙ ቦታ ከተበላ መጠጋገኑን ትቶ አዲስ መሳብ ይሻላል። አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ ጋር በደንብ አስሮ በአንድ በኩል መሳብ፣ በሌላ በኩል መግፋት ነው። ቱቦው ውስጥ ሲሚንቶ ገብቶ አሮጌው አልንቀሳቀስ ካለ በጉልበት አይታገሉት፤ ይበጠስና መንገዱም ይጠፋል። በኮርኒሱ ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ገዝቶ በውጭ ማሳለፍ ይቻላል። አዲሱ ከተሳበ በኋላ፣ መሣሪያ ከመታሰሩ በፊት፣ ኬብሉ ባዶውን ይለካ፦ ጫፎቹ ክፍት ሲሆኑ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ምንም ንክኪ መታየት የለበትም፤ አንዱ ጫፍ ሲጣበቅ ደግሞ ከርዝመቱ ጋር የሚስማማ ኦም መታየት አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች ከኬብሉ ርዝመትና ከቀኑ ጋር በብሬከር ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ መጻፍ ነው።